የጨቅላ ሕፃናት የመተንፈስ ችግሮች የምርመራ ኮድ

የጨቅላ ሕፃናት የመተንፈስ ችግሮች የምርመራ ኮድ አንድ ሕፃን ሲወለድ ወይም በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያጋጥመው የመተንፈስ ችግር በሐኪም ከተለየ በኋላ በሕክምና መዝገብ፣ በሆስፒታል ሪፖርትና በሞት የምስክር ወረቀት ላይ የሚሰጠው የፊደልና የቁጥር መለያ ነው። ኮዶቹ የሚወሰዱት የዓለም ጤና ድርጅት ከሚያዘጋጀው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ነው። በዚህ ምደባ አሥረኛ ክለሳ ውስጥ ዋናዎቹ ኮዶች ከፒ 20 እስከ ፒ 29 ባለው ክፍል ይገኛሉ። «ፒ» በእንግሊዝኛ አጠራሩ የተጻፈ የላቲን ፊደል ሲሆን ከእርግዝና መጨረሻና ከወሊድ አካባቢ የሚነሱ የጤና ችግሮችን ምዕራፍ ያመለክታል።

የአሠራሩ መሠረታዊ ሐሳብ ኮድ የሚሰጠው በተቻለ መጠን ለሚታየው ምልክት ሳይሆን ምልክቱን ላመጣው ምክንያት ነው የሚል ነው። በፍጥነት የሚተነፍሱና የሚያቃስቱ ሁለት ሕፃናት ከውጭ ሲታዩ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ይሁን እንጂ የአንዱ ሳንባ ገና ያልዳበረ፣ የሌላው ሳንባ ደግሞ ፈሳሹ ያልደረቀለት ብቻ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ለሞት ሊያበቃ ይችላል፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱ ይድናል። ሁለቱ በአንድ ኮድ ከተመዘገቡ የሆስፒታሉም የአገሩም ቁጥር የተሳሳተ ሥዕል ይሰጣል።

ምልክቱና ምክንያቱ

ጤናማ ጨቅላ ሕፃን በደቂቃ ከ30 እስከ 60 ጊዜ ገደማ ይተነፍሳል። ትንፋሹ በደቂቃ ከ60 በላይ ሲሆን፣ ሲተነፍስ አፍንጫው ሲሰፋ፣ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ሲያቃስት ወይም ከንፈሩና ምላሱ ሲጠቁር የመተንፈስ ችግር እንዳለበት ይታወቃል። እነዚህ ግን የበሽታ ስሞች አይደሉም፤ ምልክቶች ናቸው።

ፅንስ በማሕፀን ሳለ ኦክስጅን የሚያገኘው በእንግዴ ልጅ በኩል ነው። ሳንባው በፈሳሽ የተሞላ ሲሆን ወደ ሳንባው የሚያልፈው ደምም ጥቂት ነው። ሲወለድ በደቂቃዎች ውስጥ ሦስት ለውጦች መከናወን አለባቸው፦ ፈሳሹ ከሳንባ መውጣት፣ የአየር ከረጢቶች ተከፍተው መቆየት፣ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም መጨመር። አብዛኞቹ ኮዶች ከእነዚህ ለውጦች የአንዱን መሰናከል ይገልጻሉ ማለት ይቻላል። ፈሳሹ ሲዘገይ አንድ ኮድ፣ ከረጢቶቹ ሲጣበቁ ሌላ ኮድ፣ የሳንባ ደም ሥሮች ሳይከፈቱ ሲቀሩ ደግሞ ሌላ ኮድ ይሰጣል።

በአሥረኛው ክለሳ ያለው አቀማመጥ

እያንዳንዱ ኮድ በአንድ ፊደልና በሁለት ቁጥሮች ይጀምራል፤ ከነጥብ በኋላ የሚመጣው ቁጥር ዝርዝሩን ያሳያል። የክፍሉ ይዘት እንደሚከተለው ነው።

ፒ 20፦ በማሕፀን ውስጥ የኦክስጅን እጥረት
ፒ 21፦ የወሊድ ጊዜ መታፈን
ፒ 22፦ የጨቅላ ሕፃናት የመተንፈስ ችግር
ፒ 23፦ ከማሕፀን ወይም ከወሊድ የተገኘ የሳንባ ምች
ፒ 24፦ ባዕድ ነገር ወደ ሳንባ መሳብ
ፒ 25፦ አየር ከሳንባ ከረጢቶች አፈትልኮ መውጣት
ፒ 26፦ የሳንባ መድማት
ፒ 27፦ ከወሊድ አካባቢ የሚነሳ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ
ፒ 28፦ ሌሎች የመተንፈሻ አካላት ችግሮች
ፒ 29፦ የልብና የደም ዝውውር ችግሮች

ፒ 29 የልብ ምድብ ቢሆንም የመተንፈስ ችግር የሚያስከትል አንድ ሕመም ይዟል። ይህም የሳንባ ደም ሥሮች ከወሊድ በኋላ ሳይከፈቱ የሚቀሩበትና የፅንስ የደም ዝውውር የሚቀጥልበት ሁኔታ ሲሆን ኮዱ ፒ 29.3 ነው።

በአፈጣጠር ጉድለት የሚመጣ ችግር በዚህ ክፍል አይመዘገብም። ለምሳሌ የሆድ ዕቃ በድያፍራም ክፍተት ወደ ደረት ገብቶ ሳንባን ሲጫን፣ ወይም የአፍንጫ የኋላ ቀዳዳ ተደፍኖ ሲወለድ ኮዱ የሚወሰደው በላቲን ፊደል «ኪው» ከሚጀምረው የአፈጣጠር ጉድለቶች ምዕራፍ ነው። ከወሊድ በኋላ የተያዘ የሳንባ ምችም ከፒ 23 ውጭ ነው።

የምዕራፉ ወሰን የሕፃኑ ዕድሜ ሳይሆን የችግሩ መነሻ ነው። ያለ ጊዜው ተወልዶ ለረጅም ጊዜ በመተንፈሻ መሣሪያ በመረዳቱ ብሮንኮፐልሞነሪ ዲስፕሌዥያ የተባለው የሳንባ ጉዳት የደረሰበት ልጅ፣ ሁለት ዓመት ሞልቶት ለዚሁ ሕመም ቢታከምም ኮዱ ፒ 27.1 ሆኖ ይቀጥላል።

የወሊድ ጊዜ መታፈን

ፒ 21 ሕፃኑ በወሊድ ጊዜ ኦክስጅን አጥቶ ትንፋሽ መጀመር ሲያቅተው የሚሰጥ ነው። ፒ 21.0 ከባድ መታፈንን ይገልጻል፤ በዚህ ጊዜ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ100 በታች ሆኖ የሚወርድ ወይም ባለበት የሚቆም ነው፣ ትንፋሽ የለም ወይም አልፎ አልፎ ብቻ ነው፣ ጡንቻውም ልል ነው። ፒ 21.1 ቀላልና መካከለኛ መታፈንን፣ ፒ 21.9 ደረጃው ያልተገለጸውን ይይዛል።

ደረጃውን ለመለየት የሚያገለግለው የአፕጋር ነጥብ ነው። ነጥቡን አሜሪካዊቷ የማደንዘዣ ሐኪም ቨርጂኒያ አፕጋር በ1952 ነድፋ በ1953 አሳተመችው። የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ የጡንቻ ጥንካሬ፣ ለመነካት የሚሰጥ ምላሽና የቆዳ ቀለም እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 2 ተሰጥቷቸው ከ10 ይደመራሉ። በአንደኛው ደቂቃ ከ0 እስከ 3 ያገኘ የታፈነ ሕፃን በፒ 21.0፣ ከ4 እስከ 7 ያገኘ በፒ 21.1 ይመዘገባል።

ምደባው እዚህ ላይ ግልጽ ማስጠንቀቂያ አስቀምጧል፦ መታፈን ወይም ሌላ የመተንፈስ ችግር ሳይጠቀስ ነጥቡ ዝቅተኛ ስለሆነ ብቻ ፒ 21 አይሰጥም። ምክንያቱም ዝቅተኛ ነጥብ ያለ ጊዜው ከመወለድ፣ ለእናት ከተሰጠ ማደንዘዣ፣ ከኢንፌክሽን ወይም ከአፈጣጠር ጉድለት ሊመጣ ይችላል። መታፈኑ አንጎልን ጎድቶ ከሆነ ለጉዳቱ ፒ 91.6 የሚባል የራሱ ኮድ አለ።

ሲንድሮምና ጊዜያዊ ፈጣን አተነፋፈስ

በፒ 22 ሥር ያሉት ሁለት ኮዶች በስም ቅርብ፣ በይዘት ግን የተራራቁ ናቸው።

ፒ 22.0 የመተንፈስ ችግር ሲንድሮም ይባላል፤ የቀድሞ ስሙ የሃያሊን ሽፋን በሽታ ነው። መነሻው ሰርፋክታንት የተባለው ቅባት መሰል ንጥረ ነገር ማነስ ነው። ሰርፋክታንት የአየር ከረጢቶች በእያንዳንዱ ትንፋሽ መጨረሻ እንዳይጣበቁ ይከላከላል። በብዛት የሚመረተው በእርግዝና የመጨረሻ ሳምንታት ስለሆነ በሽታው በዋናነት ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱትን ያጠቃል። ሕፃኑ ከተወለደ ብዙም ሳይቆይ ማቃሰት ይጀምራል፤ ካልታከመ በቀጣዮቹ ሰዓታት ይብስበታል። በራጅ ሳንባው እንደ በረዷማ መስታወት የደበዘዘ ሆኖ የአየር ቧንቧዎቹ በውስጡ ጎልተው ይታያሉ።

ፒ 22.1 ጊዜያዊ ፈጣን አተነፋፈስ ነው። የሳንባ ፈሳሽ ቶሎ ስለማይመጠጥ የሚመጣ ሲሆን ቀናቸው በሞላ ወይም ሊሞላ በተቃረበ ሕፃናት፣ በተለይም ምጥ ሳይጀምር በቀዶ ሕክምና በተወለዱት ላይ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ይለቃል።

ከእነዚህ በተጨማሪ ፒ 22.8 ለሌሎች የተገለጹ፣ ፒ 22.9 ዓይነቱ ላልተገለጸ የመተንፈስ ችግር ተቀምጠዋል። ሐኪሙ በካርዱ ላይ «የመተንፈስ ችግር» ብቻ ብሎ ከጻፈ የሚሰጠው ፒ 22.9 ነው፤ «የመተንፈስ ችግር ሲንድሮም» ብሎ ከጻፈ ግን ፒ 22.0 ይሆናል። በአንዲት ቃል መኖርና አለመኖር ምክንያት የሕፃኑ መዝገብ ከአንድ በሽታ ወደ ሌላ ይዛወራል። በዚህ ክፍል ከሚያጋጥሙ ስሕተቶች መካከል ተደጋግሞ የሚነሳው ይህ ነው።

ሌሎች ተዛማጅ ኮዶች

ፅንስ በጭንቀት ምክንያት የመጀመሪያ ዓይነ ምድሩን በሽርት ውኃው ውስጥ ሊለቅ ይችላል፤ ይህ ሜኮኒየም ይባላል። ወደ ሳንባ ሲሳብ የአየር ቧንቧዎችን ይዘጋል፣ ሳንባንም ያስቆጣል። ኮዱ ፒ 24.0 ነው። የሽርት ውኃ ወይም ንፍጥ ሲሆን ፒ 24.1፣ ደም ሲሆን ፒ 24.2፣ ወተት ወይም ያስመለሰው ምግብ ሲሆን ፒ 24.3 ይሰጣል።

የሳንባ ምች ኮዶች በጀርሙ ዓይነት የተከፋፈሉ ናቸው። ቫይረስ ፒ 23.0፣ የቡድን ቢ ስትሬፕቶኮከስ ፒ 23.3፣ ኢ. ኮላይ ፒ 23.4 ሲሆኑ ጀርሙ ካልተለየ ፒ 23.9 ይሰጣል። የደም ምርመራና የጀርም ማሳደጊያ ላቦራቶሪ በሌለበት የጤና ተቋም የመጨረሻው ኮድ መብዛቱ የሚጠበቅ ነው።

በፒ 28 ሥር ሁለት ኮዶች ልዩ ትኩረት ይሻሉ። ፒ 28.4 የትንፋሽ መቋረጥን ይይዛል፤ ይህም ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ አንጎል ትንፋሽን ገና በሚገባ ስለማይቆጣጠር የሚከሰተውን ያካትታል። ፒ 28.5 የመተንፈስ አቅም መዳከምን ይገልጻል። ይህ የሕመሙን ክብደት እንጂ መነሻውን ስለማይናገር መነሻው ሲታወቅ ብቻውን መተው የለበትም።

አሠራሩ በምሳሌ

በ32 ሳምንት የተወለደና 1,500 ግራም የሚመዝን ሕፃን እንውሰድ። ከተወለደ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያቃስታል፤ ራጁ የሰርፋክታንት እጥረትን ያሳያል። በሁለተኛው ቀን አየር ከሳንባው አፈትልኮ በደረቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ዋናው ኮድ ፒ 22.0 ነው። የአየር መጠራቀሙ ፒ 25.1 ይሆናል። ለክብደቱ ማነስ ፒ 07.1 ይጨመራል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ክብደትና የእርግዝና ዕድሜ ሁለቱም ሲታወቁ ቅድሚያ ለክብደት እንዲሰጥ ያዛል። በምርመራ ወቅት የተጠረጠረ የሳንባ ምች በኋላ አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኮድ አይገባም።

ሥራው የሁለት ባለሙያዎች ድርሻ ነው። በሽታውን የሚለየውና የሚጽፈው ሐኪሙ ወይም ነርሷ ሲሆኑ ጽሑፉን ወደ ኮድ የሚቀይረው የጤና መረጃ ባለሙያው ነው። መረጃ ባለሙያው ራጅ አይቶ ወይም የኦክስጅን መጠን አንብቦ በራሱ በሽታ አይሰይምም። ጽሑፉ ግልጽ ካልሆነለት ጸሐፊውን መጠየቅ ይኖርበታል።

የሞት ምክንያት ሲመዘገብ

ሕፃኑ ከሞተ ኮዱ ሌላ ክብደት ይኖረዋል። በአሥረኛው ክለሳ የወሊድ አካባቢ ጊዜ ከ22 የእርግዝና ሳምንት ጀምሮ ከተወለደ ሰባት ሙሉ ቀን እስኪሆነው ያለው ነው። ለዚህ ጊዜ የተዘጋጀው የሞት የምስክር ወረቀት አምስት ክፍሎች አሉት፦ ሀ) የሕፃኑ ዋና ሕመም፣ ለ) የሕፃኑ ሌሎች ሕመሞች፣ ሐ) ሕፃኑን የጎዳ የእናት ዋና ሕመም፣ መ) የእናት ሌሎች ሕመሞች፣ ሠ) ሌሎች ተያያዥ ሁኔታዎች።

በምስክር ወረቀቱ ክፍል «ሀ» ላይ መታፈን፣ የልብ መድከም ወይም ያለ ጊዜ መወለድ ተጽፎ ሌላ የሕፃኑ ሕመም አብሮ ከተጠቀሰ፣ መመሪያው ያንን ሌላ ሕመም ዋና ምክንያት አድርጎ እንዲመዘገብ ያዛል። ለምሳሌ በ«ሀ» ያለ ጊዜ መወለድ፣ በ«ለ» የመተንፈስ ችግር ሲንድሮም ከተጻፈ ዋናው ምክንያት ፒ 22.0 ይሆናል። የደንቡ ዓላማ ሕፃኑ «እንዴት» እንደሞተ ብቻ ሳይሆን «ከምን» እንደሞተ ለማወቅ ነው። ማንኛውም ሕፃን ሲሞት ትንፋሹ ይቆማልና፣ የትንፋሽ መቆም ለመከላከል የሚረዳ ዕውቀት አይሰጥም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ይህንኑ የሚያጠናክር መመሪያ አውጥቷል። በዚህ መመሪያ የጨቅላ ሕፃናት ሞት በ11 ቡድኖች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ሞት ከእናት የጤና ሁኔታ ጋር ተያይዞ ይመዘገባል። የወሊድ ጊዜ መታፈን በአራተኛው ቡድን ማለትም በምጥና በወሊድ ጊዜ ከሚደርሱ ችግሮች ጋር ሲቀመጥ፣ የመተንፈስ ችግር ሲንድሮም በሰባተኛው ቡድን ከመተንፈሻ አካላትና ከልብ ችግሮች ጋር ይቀመጣል።

ይህ ልዩነት መፍትሔውንም ይለያል። በመታፈን የሚመጣ ሞት የሚቀንሰው በምጥ ክትትል፣ በጊዜው በሚደረግ ቀዶ ሕክምና እና ሕፃኑን በመጀመሪያዋ ደቂቃ በአየር መስጫ ከረጢትና ጭንብል በመርዳት ነው። በሲንድሮሙ የሚመጣ ሞት የሚቀንሰው ያለ ጊዜዋ ልትወልድ ለተቃረበች እናት የስቴሮይድ መርፌ በመስጠት፣ ሲፓፕ በተባለው አየርን በግፊት በሚሰጥ መሣሪያ እና በሰርፋክታንት ሕክምና ነው። ኮዱ ከተሳሳተ መሣሪያውም ሥልጠናውም ወደማያስፈልግበት ሊሄድ ይችላል።

ታሪክ

የዓለም አቀፉ ምደባ መነሻ ፈረንሳዊው ዣክ በርቲዮን በ1893 ያቀረበው የሞት ምክንያቶች ዝርዝር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1948 ስድስተኛውን ክለሳ ተረከበ፤ ከዚያ ጀምሮ ዝርዝሩ ሞትን ብቻ ሳይሆን ሕመምንም አካተተ።

የጨቅላ ሕፃናት የመተንፈስ ችግሮች የተለያየ ስም ያገኙት ሕክምናው ምክንያቶቹን እየለየ በሄደ መጠን ነው። በ1959 ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄሪ ሜድ በሃያሊን ሽፋን በሽታ የሞቱ ሕፃናት ሳንባ ሰርፋክታንት እንደሚጎድለው አሳዩ። በነሐሴ 1963 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የጆን ኤፍ ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከአምስት ሳምንት በላይ ቀድሞ ተወልዶ በዚሁ በሽታ በ39 ሰዓቱ ሞተ፤ ሞቱ ለበሽታው ሰፊ የሕዝብ ትኩረት አስገኘ። ኤቨሪና ባልደረቦቿ በ1966 ጊዜያዊ ፈጣን አተነፋፈስን ለብቻው ገለጹ። ብሮንኮፐልሞነሪ ዲስፕሌዥያ በ1967 ስም አገኘ። በ1971 ሲፓፕ ለሕፃናት መዋሉ፣ በ1980 ደግሞ በጃፓን ቴትሱሮ ፉጂዋራ ሰርፋክታንትን ለሕፃናት ሰጥቶ ውጤቱን ማሳተሙ ሕክምናውን ለወጡት።

በዘጠነኛው ክለሳ ሲንድሮሙ 769፣ መታፈን 768፣ ሌሎቹ የመተንፈስ ችግሮች 770 በተባሉ ቁጥሮች ይመዘገቡ ነበር። አሥረኛው ክለሳ በ1990 በዓለም ጤና ጉባኤ ጸድቆ ከ1994 ጀምሮ በአባል አገሮች ሥራ ላይ ዋለ።

በዩናይትድ ስቴትስ

ዩናይትድ ስቴትስ አሥረኛውን ክለሳ ለራሷ አስፋፍታ ከጥቅምት 1 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሆስፒታል ሕሙማን መዝገብና ክፍያ ትጠቀምበታለች። በዚህ ቅጂ ፒ 20 እና ፒ 21 የሉም፤ ዝርዝሩ ያልተገለጸ መታፈን በፒ 84 ይመዘገባል። ሜኮኒየም የሳበ ሕፃን የመተንፈስ ምልክት ካላሳየ ፒ 24.00፣ ካሳየ ፒ 24.01 ይሰጠዋል። ችግር ተጠርጥሮ በምርመራ ላልተገኘበት ሕፃን ደግሞ ሌላ የክትትል ኮድ አለ።

በዚያ አገር ኮዱ ከሆስፒታል ክፍያ ጋር የተያያዘ ነው። ፒ 22.0 ሕፃኑን እጅግ ያለ ጊዜያቸው ከተወለዱት ጋር በክፍያ ቡድን 790 ያስገባዋል፤ ፒ 22.1 ብቻውን ይህን አያደርግም። ስለዚህ «ሲንድሮም» የሚለው ቃል በካርዱ ላይ በቂ የሕክምና ማስረጃ እንዳለው ክፍያ የሚፈጽሙ ድርጅቶች ይመረምራሉ።

አሥራ አንደኛው ክለሳ

አሥራ አንደኛው ክለሳ በግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. ጸድቆ ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። የወሊድ አካባቢ ችግሮች በምዕራፍ 19 የተቀመጡ ሲሆን ኮዶቹ በላቲን ፊደል «ኬ» ይጀምራሉ። የጨቅላ ሕፃናት የመተንፈስ ችግር በኬቢ 23 ሥር ይገኛል። ክለሳው ለኮምፒውተር የተዘጋጀ ነው፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ኮዶችን በማያያዝ አንድን ሕመም በዝርዝር ለመግለጽም ያስችላል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የጤና ተቋማት ሪፖርት የሚያደርጉት ጤና ሚኒስቴር ዓለም አቀፉን ምደባ መሠረት አድርጎ ባዘጋጀው ብሔራዊ የበሽታዎች ምደባ ነው። የጉዳዩ ክብደት ከሞት ቁጥሩ ይታያል፦ የ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት 29ኙ በመጀመሪያው ወር እንደሚሞቱ ሲገምት፣ የ2019 አነስተኛ ጥናት ግምቱን 33 አድርሶታል።

ብዙ ሕፃናት ከጤና ተቋም ውጭ በሚሞቱበት አካባቢ የሞት ምክንያት የሚታወቀው ቤተሰብን በመጠየቅ ነው። እናት «አልተነፈሰም»፣ «ታፍኖ ሞተ» ብትል ከመታፈን፣ ከሲንድሮሙና ከሳንባ ምች የትኛው እንደሆነ በዚህ መንገድ ብቻ መለየት አስቸጋሪ ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት ከ2016 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ጥናት ተካሂዷል። ጥናቱ ከክሊኒክ ምርመራ በተጨማሪ ቤተሰብ በፈቀደ ጊዜ ከሞቱ ሕፃናት አካል ናሙና በመውሰድ ምክንያቱን አጣርቷል። ከሞቱት መካከል 45 በመቶ የሚሆኑት ዋና ምክንያታቸው የመተንፈስ ችግር ሲንድሮም፣ 30 በመቶ ኢንፌክሽን፣ 14 በመቶ መታፈን ሆኖ ተገኝቷል። ውጤቱ የሚመለከተው በሆስፒታል የታዩትንና ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን ነው። ሆኖም «ያለ ጊዜው ተወልዶ ሞተ» ተብሎ ሊታለፍ በሚችል ሞት ውስጥ ስም፣ ኮድና ሕክምና ያለው በሽታ መኖሩን በግልጽ አሳይቷል።